ሳይጫወቱ መፍረድ

ሰው ያላየውን ነገር በሌላው ምስክርነት ቢያምን ነውር የለበትም። አብዛኛው ዕውቀታችን በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ዳሩ ግን ራሱ ሳያይ፥ ያየውን ሰው «ዋሸህ!» ብሎ ሊቆጣ ይገባዋልን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ አንድ ቪዲዮ ጌም ነው። «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ጨዋታ ለገበያ የዋለው ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ሠሪው ሲዲ ፕሮጄክት የተባለ የፖላንድ ኩባንያ ሲሆን፥ ቀደም ብሎ በሠራው «ዊቸር 3» ስሙ ገንኖ ስለ ነበር፥ ገና ሳይወጣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ በቅድሚያ ታዘዘ። ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው የሐያስያን አስተያየት ታተመ። ብዙዎቹ ከ10 ነጥብ 9 ወይም 10 ሰጡት። በጌምስፖት ላይ የጻፈችው ሐያሲት ግን 7 ሰጠች። ያን ጊዜ ስድብ ወረደባት። ሰዳቢዎቹ ጨዋታውን በእጃቸው አልነኩትም፤ ገና አልተሸጠምና።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እነዚህን ግን ናፍቆአቸው ነበር። እንደሚመስለኝ የተቆጡት ለጨዋታው ሳይሆን ለገዛ ተስፋቸውና ብዙዎቹም አስቀድመው ለከፈሉት ገንዘብ ነው። (7 ደግሞ ወድቋል ማለት አይደለም፤ ከመቶ 70 ያመጣ ተማሪ ቤት አይለቀስለትም።)

ጨዋታው ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ላይ እየተቋረጠና እየተበላሸ አስቸገረ። ሳምንት ያህል ቆይቶም ሶኒ ከመደብሩ አወጣው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። እንግዲህ «ሰዳቢዎቹ አፈሩ፥ እርሷ እውነተኛ ሆነች» የሚል አይጠፋም። እኔ ይህን አነጋገር አልቀበለውም። ጨዋታው እንከን የለሽ ሆኖ ቢወጣስ ኖሮ ስድቡ ትክክል ይሆን ነበርን? ከቶ አይሆንም። በተናገሩበት ሰዓት የሚናገሩት ነገር አልነበራቸውም፤ ኋላ የሆነው ይህን አይለውጠውም።

ያመሰገኑትስ ሐያስያን ዋሹ ማለት ነውን? አይደለም። ኩባንያው አስቀድሞ የሰጣቸው በኮምፒዩተር የሚሠራውን ብቻ ነበር። ያዩትን ተናገሩ፤ ያላሳዩአቸውን አላዩም። ስለዚህ ያልተጫወተ ሰው አፉን ይያዝ አልልም። «በምን ላይ ተጫወትኸው? እስከ ምን ድረስ?» ብሎ ምስክሩን መጠየቅ ይችላል። «በሰማሁት ምክንያት አልገዛውም» ማለትም ይችላል፤ ገንዘቡ የራሱ ነውና። «መጥፎ ነው» ማለት ግን ሌላ ነው።

ጨዋታው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ወደ ሶኒ መደብር ተመለሰ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ነገሩ እንደ ገና ተሠርቶ ወጣ። ዛሬም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፍተው «ያ የተበላሸው ጨዋታ» እያለ የሚያወራ ሰው ቢኖር፥ የሚያወራው በ2013 ዓ.ም. ሌሎች ስላዩት ነገር ነው።