ደጅህን ዘግተህ ምን ትሰማለህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምትኖሩ የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣

ሰሞኑን ከወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ ደርሶናል። «አባታችን፣ መኪናዬ ላይ ትልቅ ቤዝ አስገጥሜአለሁ፤ የምከፍተው ግን ዘፈን ሳይሆን መዝሙር ነው። ታዲያ ምን ክፋት አለው?» የሚል ነው። የሰሙት ጓደኞቹ ሳቁ። እኛ ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ አይደለምና መልሱ ለሁላችሁም እንዲደርስ በዚህ ገጽ ለመጻፍ ወደድን።

ነገሩን ለማታውቁት እናቶችና እኅቶች በጥቂቱ እናስረዳ። በሻርጃ የኢንዱስትሪ ሰፈሮችና በአጅማን ጋራዦች በኩል ስታልፉ የመኪና ስፒከርና አምፕሊፋየር የሚገጥሙ ሱቆች ታያላችሁ። ሳብ ዉፈር የሚሉት ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ነው፤ በሣጥን ታሽጎ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይቀመጣል። ድምፁ ከ20 እስከ 80 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ደረት የሚሰማው ይበልጣል። ማታ ማታ መኪናው ገና ከሩቅ ሳለ የመስኮታችሁ መስታወት የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው።

ልጆቻችን ይህን የሚወዱት ባለጌ ስለሆኑ ነው አንልም። ኑሮውን እናውቀዋለን። ስድስትና ስምንት ሰው በአንድ ክፍል በተደራረበ አልጋ ያድራል፤ መጋረጃ እንጂ በር የለውም። ስልክ ሲያናግር በሹክሹክታ ነው፤ ሲጸልይ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ነው። ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ እሺ» ሲል ይውላል። እንዲህ ያለው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ አሮጌም ቢሆን አንድ መኪና ሲገዛ በዚህ አገር የራሱ የሆነ፣ በር ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ የመጀመሪያ ክፍሉን አገኘ ማለት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ትልቅ ነገር ሊሰማው ቢፈልግ ምን ይደንቃል? ደረቱ የሚፈልገው የሚያናውጠው ነገር ነው። ፈቃዱ ከሥሩ መጥፎ አይደለም። የምንጠይቀው በምን እየተናወጠ እንደሆነ ነው።

የቤዝ ነገር ግን ማቆሚያ የለውም። ባለሙያዎቹ እንደሚነግሩን ድምፁን በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ለማድረግ የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ መሆን አለበት። 500 ዋት የነበረው 1000፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 4000 እያለ ይሄዳል፤ ጆሮ ግን ያንን 3 ዴሲቤል እምብዛም አይለየውም። ወጪው በእጥፍ ያድጋል፣ ደስታው በጭላፊ ይጨመራል። ምኞት ሁሉ እንዲህ ነው እንዳንል እንጂ፣ ይህን ያህል በቁጥር ተለክቶ የሚታይ ምኞት ከዚህ ሌላ አላየንም። አምፕሊፋየሩ ሲያድግ የመኪናው ባትሪ መሸከም ያቅተዋል። ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ፣ ደብዘዝ ይላል። በሌሊት የሚነዳ ሰው የሚያይበትን ብርሃን ለጩኸት ሲከፍል ማለት ነው።

ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄዱ ሰዎችም በዓለም አሉ። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የማን መኪና ይበልጥ ይጮኻል የሚል ውድድር ይደረጋል። ከፍተኛ በሚባለው ደረጃ የሚወዳደሩት መኪኖች ወንበራቸው ወጥቶ በስፒከርና በባትሪ የተሞሉ ናቸው፤ አካላቸው በብረትና በኮንክሪት ይጠናከራል፣ መስታወታቸው በወፍራም ፕላስቲክ ይተካል፣ በሩ እንዳይበረገድ ከውጭ ይጠረቃል። ድምፁ ከ170 ዴሲቤል ያልፋል። ያን ጊዜ ውስጡ ሰው አይቀመጥም፤ ባለቤቱ ውጭ ቆሞ ቁጥሩን ያነብባል። ወንድሞቻችን፣ ይህን አስቡት። ሰውየው ገንዘቡንና ዘመኑን ጨርሶ የሠራው ክፍል ራሱ ሊገባበት የማይችል ሆነ።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ የሚጸልይ ሰው ወደ እልፍኙ ገብቶ ደጁን ዘግቶ በስውር ወዳለው አባቱ እንዲጸልይ አስተምሯል (ማቴ. 6)። እልፍኝ የሌለው ስደተኛ ይህን ቃል ሲሰማ ምን ያድርግ? ብዙዎቻችሁ በኑዛዜ ጊዜ «አባታችን፣ የምጸልይበት ቦታ የለኝም» ትሉናላችሁ፤ እውነት ነው። እንግዲህ መኪና ያላችሁ፣ ያ መኪና እልፍኛችሁ ነው። ከፋብሪካ ወይም ከግንባታ ቦታ ወጥታችሁ በሩን ስትዘጉ በቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን ትሆናላችሁ። በዚያች ደቂቃ እጃችሁ ቶሎ ብሎ ወደ ቴፑ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ነቢዩ ኤልያስም ስደተኛ ነበር። ኤልዛቤል ልትገድለው ብትዝት ነፍሱን ሊያድን ሸሸ፤ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰና ከዋሻ ገባ (1ኛ ነገ. 19)። እግዚአብሔርም በዚያ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያ ተራራ የሚሰነጥቅ ነፋስ መጣ፣ የምድር መናወጥ መጣ፣ እሳት መጣ። ደረት የሚያናውጥ፣ ዓለት የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሁሉ በፊቱ አለፈ፤ እግዚአብሔር ግን በእነዚያ ውስጥ አልነበረም። ከሁሉም በኋላ ቀጭን የዝምታ ድምፅ መጣ። ኤልያስ ፊቱን በመጎናጸፊያው ሸፍኖ ከዋሻው የወጣው ያን ሲሰማ ነው። ያን ጊዜም ያው ጥያቄ ዳግመኛ ተጠየቀ፤ እዚህ ምን ታደርጋለህ የሚለው።

ይህን ጥያቄ የማያውቅ ስደተኛ የለም። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ አሥር የሞላው፣ ልጁን በስልክ የሚያሳድገው፣ እዳውን ከፍሎ ሌላ እዳ የገባው ሁሉ ያውቀዋል። ከሥራ ወጥተን ጸጥ ባልን ቁጥር የሚመጣው እርሱ ስለሆነ ነው ጸጥታን የምንፈራው። ቤዝ የሚያስገጥሙ ልጆቻችንን ቀርበን ስንሰማቸው ሙዚቃውን ከመውደዳቸው ይልቅ «ምንም እንዳላስብ ያደርገኛል» የሚሉት ይበዛሉ። ነገር ግን ኤልያስ በዚያ ቀጭን ድምፅ የሰማው ወቀሳ አልነበረም። ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ሲያለቅስ ለነበረው ሰው ጉልበታቸውን ለበኣል ያላንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ የሚመለስበት መንገድም ታየው። በነፋሱ ጊዜ ቢነገረው ኖሮ አይሰማውም ነበር።

እንግዲህ ወደ መዝሙሩ እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ድምፅን የምትጠላ አይደለችም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዜማን ያቆየላት፣ ከበሮና ጸናጽል የምታስነሣ ቤተ ክርስቲያን ናት። ወፍራሙን ድምፅ ማን ያውቀዋል ቢባል የማኅሌት ሊቃውንት ያውቁታል! ግን ሥርዓቱን ተመልከቱ። በመጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ምንም መሣሪያ የለም፣ ቃሉ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል። ከበሮው የሚነሣው ከዚያ በኋላ በመረግድ ነው፤ እርሱም ቀስ ብሎ ጀምሮ ነው ወደ ጽፋት የሚደርሰው። በአቋቋም ቤት የኔታ ከበሮ የሚያስይዙት ቃሉን ላጠና ተማሪ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከበሮው ጭራሽ ይቀመጣል። ከበሮ ቃልን ይከተላል እንጂ አይቀድምም፤ አይሸፍንምም።

አባቶቻችን ከበሮውን ሲተረጉሙት ሰፊው ገጽ የመለኮቱ ምልዓት፣ ጠባቡ ገጽ ደግሞ አምላክ በአጭር ቁመት በጠባብ ደረት ተወስኖ የመገለጡ ምሳሌ ነው ይላሉ። ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበት ገመድ ነው። ነጎድጓድን የፈጠረ ጌታ ስለ እኛ ጠባብ ደረት ገባ፤ እኛ ባለ ጠባብ ደረቶቹ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ካልሞላን እንላለን።

ጠያቂው ወንድማችን «መዝሙር እኮ ነው» ይላል። ለአንተ መዝሙር ነው፤ ለጎረቤትህ ግን አይደለም። ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፤ የ40 ኸርዝ ሞገድ ከ8 ሜትር ይበልጣል። ግድግዳ የዘማሪውን ቃል ያስቀረዋል፣ ድብደባውን ግን ያሳልፈዋል። አንተ መኪናህ ውስጥ የእመቤታችንን ስም ትሰማለህ፤ ከሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ሴት የምትሰማው ዱም፣ ዱም የሚለውን ብቻ ነው። ስሟ ወደ እርሷ አልደረሰም፤ እንቅልፏ ግን ተወሰደ። ከጎኗም ለንጋት ሶላት የሚነሣ ሽማግሌ አለ። እኛ በዚህ አገር አብያተ ክርስቲያናት ገዢዎቹ በሰጡት መሬት ላይ ተሠርተው በሰላም የምናመልክ ሰዎች ነን። ያ ሽማግሌ ስለ ክርስትና የሚያውቀው ብቸኛው ነገር የአንተ መኪና እንዲሆን ትፈልጋለህ?

ስለ ሕጉም ሳንናገር አናልፍም፤ የብዙዎቻችሁ እንጀራ በመንጃ ፈቃድ ላይ ነውና። በፌዴራሉ የትራፊክ ቅጣት የመኪና ቴፕን በሚረብሽ ሁኔታ መጠቀም 400 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል፤ ጩኸት የሚያወጣ መኪና መንዳት ደግሞ 2000 ድርሃምና 12 ነጥብ ነው። 24 ነጥብ ሲሞላ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። የሻርጃ ፖሊስ ከ95 ዴሲቤል በላይ የሚጮኹ መኪኖችን የሚይዝ የድምፅ ራዳር አለው። «ለመዝሙር ብዬ ተቀጣሁ» ብሎ ይህን ከሰማዕትነት የሚቆጥር ካለ ይቅርታ ያድርግልን፤ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የጆሮ ነገር ነው። በሥራ ጤንነት ባለሙያዎች ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ጸጉሮች አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። ከልጆቻችን አንዱ ሌሊት ሲተኛ ጆሮው እንደሚጮኽበት፣ እናቱ ከአገር ቤት ስትደውል «ጮክ በይ፣ አልሰማሽም» ማለት እንደ ጀመረ ነግሮናል። እናት አርጅታለች፤ ድምፅዋ በየዓመቱ እየቀጠነ ነው። ጆሮው የሚጮኽበት ሁሉ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ፤ ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪሙንም አይተው።

ስፒከሩን አውጥታችሁ ጣሉት አላልንም። ያስገጠማችሁት ይኑር፤ ከመኖሪያ ሕንፃ አጠገብና በሌሊት ግን ቤዙ ይጥፋ። አዲስ ልታስገጥሙ ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ መጥታችሁ አነጋግሩን። ሁላችሁም ከሥራ ወጥታችሁ የመኪናችሁን በር ስትዘጉ ሞተሩን ሳታስነሡ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በቤት ሠራተኝነት ያላችሁ እኅቶቻችን፣ ለእናንተ መኪናው ያ ጆሮአችሁ ላይ አድሮ የሚነጋው የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ከመተኛታችሁ በፊት እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ከበሮ መማር የምትፈልጉ ወጣቶች ከቅዳሴ በኋላ ቆዩ። ቁም ዜማውን እናስቀድማለን፤ ከበሮው ተራው ሲደርስ ይመጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።