ከቅጹ የወጡት ጥያቄዎች
ፖሊስ አንድን ልጅ ይዞ ወደ ማቆያ ሲያመጣው፣ እስከ ቀጠሮው እዚያው ይቆይ ወይስ ወደ ቤቱ ይመለስ የሚለው በአጭር ጊዜ ይወሰናል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ የምትገኝበት የመልትኖማ ካውንቲ ይህ ውሳኔ በተረኛው ሠራተኛ ግምት ብቻ እንዳይቆም ፈለገ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአኒ ኢ ኬሲ ፋውንዴሽን የማቆያ ማሻሻያ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የነጥብ ቅጽ አዘጋጀ። የጥፋቱ ክብደት፣ የቀድሞ ክስ፣ ከቀጠሮ መቅረት እየተደመሩ ልጁ ይያዝ ወይም ይለቀቅ ይባላል።

ቁጥር አያዳላም ብሎ ማመን ቀላል ነው። የካውንቲው ሰዎች ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ለልጁ ከሚጠቅሙት ነጥቦች አንዱ «ጥሩ የቤተሰብ አቋም» የሚል ነበር። ጥሩ የሚባለው የትኛው ቤተሰብ ነው? አያቱ ወይም አክስቱ ያሳደገችው ልጅ፣ ጥፋቱ ከሌላው ልጅ ጥፋት ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ በቤቱ ምክንያት ሊያዝ ይችላል። በዘመድ እጅ ማደግን ለምናውቅ ለእኛ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም፤ አሜሪካ አጎቱ ዘንድ የሚኖር የሀበሻ ልጅም ያው ቅጽ ቢቀርብለት ያው ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። ጥያቄው ተሰርዞ፣ ልጁን በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ለማቅረብ ኃላፊነት የሚወስድ አዋቂ አለ ወይ በሚል ተተካ። መታወቅ የነበረበት ይኸው ብቻ ነበር።

«የጋንግ አባል ነው» የሚለውም ወጣ፤ ልጁ ካደረገው ይልቅ የሰፈሩንና የመልኩን ነገር የሚቆጥር ነበርና።

በ1994 የተያዙ ጥቁር ወጣቶች ማቆያ የመግባት ዕድላቸው ከነጮቹ በ10 የመቶኛ ነጥብ ያህል ይበልጥ ነበር። በ2000 ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ይህን ሁሉ ለቅጹ ብቻ መስጠት ስህተት ነው። ካውንቲው ከማቆያ ውጭ ልጆችን የሚከታተሉ የሰፈር ፕሮግራሞችን አቋቁሟል፣ ጉዳዮች ቶሎ እንዲታዩ አድርጓል፣ በየደረጃው ማን እንደተያዘ በዘር ለይቶ ደጋግሞ ቆጥሯል። ቅጹ «ይለቀቅ» ያለውን ልጅ የሚቀበል ቦታ ባይኖር ኖሮ፣ ሠራተኛውም ዳኛውም ነጥቡን እየተዉ ልጁን ማቆያ ማስገባታቸው አይቀርም ነበር።