የአጸዱን ዛፍ ማን ይተካዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንደምንማረው፣ አዳም በገነት የተቀመጠው ፍሬዋን ሊበላ ብቻ አይደለም፤ ሊሠራባትና ሊጠብቃትም ጭምር ነው እንጂ። ትእዛዙ ለእጅ የተሰጠ ነውና ሕፃናቱን ስለ አየር ንብረት ለውጥ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ልናስተምራቸው አንችልም።

ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ይህ ቁጥር ለ10 ዓመት ልጅ ምን ይነግረዋል? ይልቅስ ወደ አጸዱ እናውጣው። በቀትር አንዱን ቴርሞሜትር ከወይራው ሥር፣ ሌላውን ከቅጥሩ ውጭ በተራቆተው ሜዳ በጃንጥላ ከልሎ ይያዝ (ፀሐይ በቀጥታ ከመታው መሣሪያው ራሱ ግሎ ያሳስታል)። በሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ያፍስስና የቱ መሬት ፈጥኖ እንደሚጠጣው አይቶ በደብተሩ ይጻፍ።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው ያገኙት ነገር ለእኛ ለወጣቶች ስብከት ነው። ከብት እንደ ልቡ በሚገባበት አጸድ ታላላቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ቡቃያው እየተረገጠና እየተበላ ተተኪ ያጣሉ። ከሩቅ ሲታይ ደን ነው፤ ቀርቦ ላየው ልጅ የሌለበት የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። በአንዳንድ ደብር ምእመናኑ ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው አጸዱን በካብ አጠሩት።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ችግኝ በመትከላችን ብቻ የዓለም ሙቀት ይቆማል ብሎ ማስተማር ሐሰት ነው። ዋነኛው ምክንያት የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ ነው፤ የአገራችን ድርሻም እጅግ ትንሽ ነው። ልጁ ይህንንም ይወቅ። አጸዱ ግን አፈሩን ይይዝለታል፤ ጥላም ይሆነዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። መትከሉ መልካም ነው፤ ተክሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መሄድ ግን ትምህርት አይባልም። በሐምሌ ማንም ይተክላል። ችግኙ የሚጠማው በጥርና በየካቲት ነው፤ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየግቢያችን ነን፤ በአጥቢያው የሚቀረው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ ይሰጠው። ቁመቱን በየወሩ በክር ለክቶ ይመዝግብ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያጠጣው። የደረቀበትም ምስጥ ይሁን ፍየል ወይስ ውሃ ጥም መርምሮ ለጓደኞቹ ያስረዳ። ለትንሣኤ ስንመለስ ደብተሩን ያሳየናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።