ስለ ብዙዎች ዝማሬና ስለ ቍጥር ክብር

ሰው ብቻውን ሲያዜም ድምፁን ራሱ ይሸከማል፤ ከብዙዎች ጋራ ሲያዜም ግን የብዙዎች ድምፅ እርሱን ይሸከመዋል። በማኅበር ማዜም ደስ የሚያሰኘውም ስለዚህ ነው። በዘመናችን ይህን ደስታ ከሌላ ነገር ጋራ አጣምሮ መፈለግ ተለምዷል፤ ይኸውም እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አንድ ዜማ በአንድ ጊዜ በመጫወት፣ «ከእኛ የበዛ የለም» ተብሎ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ መጻፍ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዳንዶቹ፣ «የደብረ ታቦር፣ የገሳይና የጋይንት ሰው ከበሮውንና ጸናጽሉን ይዞ በጥምቀት ቢሰበሰብ ይህን ክብር አናገኝምን? ነውርስ አለበትን?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

አስቀድመን የነገሩን አሠራር እንመልከት። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. በቬኔዙዌላ ዋና ከተማ በካራካስ 8,573 ሙዚቀኞች የሩሲያዊውን የቻይኮቭስኪን ድርሰት በአንድነት ተጫውተው በዓለም ትልቁ ኦርኬስትራ ተብለው ተመዘገቡ። ሕጉ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አብሮ መጫወትን ይጠይቃል። በየመካከላቸው የቆሙት ተቈጣጣሪዎች የሚመለከቱትም የእያንዳንዱ እጅ መሥራቱን ነው፤ ጆሮው ባልንጀራውን መስማት አለመስማቱን መርምሮ የሚጽፍ መዝገብ የለም። ሆኖም እውነቱን መናገር ይገባል፤ እነዚያ ወጣቶች የአንድ ቀን ስብስብ አልነበሩም። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የተባለ ሰው በ1967 ዓ.ም. ለልጆች፣ ይልቁንም ለድኾች ልጆች፣ ሙዚቃ የሚያስተምር ድርጅት አቋቁሞ ነበርና፣ ያ ቍጥር የአርባ ስድስት ዓመት ትምህርት ፍሬ ነው። በሀገራችንም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። የዚያ ቍጥር ዋጋ የሚታወቀው ግን ክረምቱ አልፎ፣ በበጋ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ሲገኝ ነው።

እንግዲህ መቈጠር በራሱ ኀጢአት ነውን? ዳዊት የኢዮአብን ምክር ንቆ ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ 70,000 ሰው በመቅሠፍት አለቀ። ያው ዳዊት ግን በዜማ ዕቃ የሚያመሰግኑ 4,000 ሌዋውያንን ቈጥሮ መደበ፤ ከመዘምራኑም የሠለጠኑት 288 እንደ ነበሩ በዜና መዋዕል ተጽፏል፤ በዚህ አልተነቀፈም። ቈጣሪው አንድ ሲሆን ፍርዱ ስለምን ሁለት ሆነ? በፊተኛው የራሱን ኀይል ሊያውቅ ቈጠረ፤ በሁለተኛው ግን ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ተራውን ሊሰጠው ቈጠረ። የጌዴዎንም ታሪክ ለዚህ ጥያቄ እንደ ተጻፈ ያህል ነው። ከ32,000 ሰው 22,000 ተመለሱ፤ ከቀሩት ከ10,000ው ተመርጠው ቀንደ መለከት የነፉት 300 ብቻ ናቸው። እስራኤል በብዛቱ እንዳይመካ እግዚአብሔር ክብረ ወሰኑን ወደ ታች ሰበረው ማለት ነው።

«አንድ ላይ ስንሆን የሚሰማን ደስታ ራሱ ከእግዚአብሔር መሆኑን አያስረዳምን?» የሚል ይኖራል። አያስረዳም። በዱራ ሜዳም መለከቱና በገናው በአንድነት በተሰማ ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድነት ወድቆ ለምስሉ ሰግዷል፤ ከዜማው ጋራ ያልተስማሙት ሦስቱ ወጣቶች ብቻ ነበሩ። የብዙዎች ዜማ ሰውን ወደ ወሰዱት ይወስደዋል።

የማኅሌታችን ሥርዐት ይህን ዐውቆ የተሠራ ይመስላል። ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ይቆማሉ። ቀኙ ሲያነሣ ግራው ይሰማል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል። ያረፈው ከማኅሌቱ አልወጣም፤ ዝምታው የዜማው ወገን ነውና። በመጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያው በዝማሜ ይነቃነቃል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚከተሉት በመረግድና በጽፋት ነው። አጠገቡ ካለው ቀድሞ መቋሚያውን የሚያነሣ ሰው፣ ድምፁ ምንም ቢያምር፣ መሪጌታው በዐይኑ ይገሥጸዋል። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና፣ ዛሬ ብዙ ሰው በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው፣ አዲሱን ዝማሜ ያወጡት የጣናን ማዕበልና የሸምበቆውን መወዛወዝ ተመልክተው እንደ ሆነ ይነገራል። በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ባያገኝም ልጃቸው አለቃ ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ የተክሌ አቋቋም የተባለውም በእርሳቸው ስም ነው። ሸምበቆ ነፋስ ሲነካው ሁሉም በአንድነት ይዘነበላል፤ አንዱ ሌላውን አይገፋም።

ከገሳይ በነፋስ መውጫ በኩል ተጕዞ በልደት ዕለት ላሊበላ የደረሰ ሰውም በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲባል ያያል። ካህናቱ ከፊሎቹ ከዐለቱ ጫፍ፣ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው ሆነው ይቀባበላሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ሕዝቡ እጅግ ብዙ ነው፤ ልቡ ግን በመቀባበሉ እንጂ በብዛቱ አይደለም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምመልሰው ይህ ነው። ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት የሚያውቅ ሁሉ በደብረ ታቦር ሜዳ ተሰብስቦ በወዳጅነት ቢጫወት፣ ቢቈጠርም ቢመዘገብም፣ ኀጢአት ነው አልልም። ቀኑ ግን ጥምቀት ወይም ነሐሴ 13 የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል አይሁን፤ ታቦት ቆሞ ሳለ ሕዝቡ ቈጣሪውንና ካሜራውን ሊመለከት አይገባም። ጸናጽልና መቋሚያም ለማኅሌት የተለዩ ናቸውና ለዚያ ከቤተ ክርስቲያን አይውጡ። ለዝግጅቱ ከሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ጥቂቱ ለአቋቋም ተማሪዎች ቀለብና ልብስ ቢተርፍ፣ ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ሲዞር የሚያልፍበትን ጊዜ ለዜማው ያውለዋል።