የልጅ ጊዜ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወገኖቼ፣ ጾሙን እንዴት ይዛችሁታል? በዚህ ወራት ስለ ምግብ ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይሰበካል። እኔ ዛሬ ላዋያችሁ የፈለግሁት ስለ ልጆቻችን ጊዜ ነው። ከጾም የራቀ ነገር ይመስላል፤ ታግሣችሁ አንብቡኝ።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ትልቁ ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ስድስተኛ ክፍል ነበር። የሳምንቱን ፕሮግራም በእጄ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌለት ነበር። ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ 10 ሰዓት ላይ አስጠኚው ይመጣል፤ ከዚያ የቤት ሥራ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሒሳብ ማጠናከሪያ፣ ከሰዓት የመዝሙር ጥናት፤ እሑድ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ መልስ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛ። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ወረቀቱን አይቶ «አንቺስ ጎበዝ እናት ነሽ» ሳይለኝ አይሄድም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

የምኩራብ ዋዜማ ቅዳሜ ዕለት የሒሳብ አስተማሪው ፈተናው ስለ ደረሰ «ዛሬ እስከ 9 ሰዓት እንቆያለን» አለው፤ እሺ አለ። የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ለሆሣዕና ዝግጅት «በ8 ሰዓት እንዳትቀር» አለው፤ እሺ አለ። ጎረቤታችን ደግሞ «የኔ ልጅ፣ 8 ሰዓት ላይ ከወፍጮ ቤት ዱቄቱን ታመጣልኛለህ» አሉት፤ ለእርሳቸውም እሺ አለ። 8 ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ቦታ አልነበረም። ስፈልገው ቦርሳውን እንዳዘለ በራችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። «ምን ሆንክ?» ብለው «እማዬ፣ ማንን ነው የማስቀይመው?» አለኝ።

ሰዓት መቁጠርን አስተምሬዋለሁ። ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልስ ግን አላስተማርሁትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ለአስተማሪ እሺ፣ ለጎረቤት እሺ፣ ለእናት እሺ የሚል ልጅ ስናይ «የተባረከ ልጅ» እንላለን። ያ ልጅ እሺ የሚለው ወዶ ነው፣ ወይስ ሌላ መልስ እንዳለ ስለማያውቅ? ነገ ጓደኛው «ና፣ ጫት ቤት እንግባ» ሲለውስ እምቢ የሚልበትን አንደበት ከወዴት ያመጣዋል? በቤቱ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎ አያውቅማ!

አንዳንዶቻችሁ «ልጅ እምቢ ማለት ከለመደማ መከበር ቀረ» ትሉኝ ይሆናል። ፍርሃታችሁ ከንቱ አይደለም። አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ የትልቅ ሰው መልእክት አልሄድም የሚል ልጅም ለማንም ደስ አይልም። ነገር ግን ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ ሁለት የጻፈልንን እናስተውል። ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀርቶ ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ተገኘ። እመቤታችን ተጨንቃ እንደ ፈለገችው ስትነግረው፣ በአባቱ ቤት መገኘት እንደሚገባው መለሰላት። ወዲያው ደግሞ ወንጌላዊው አብሯቸው ወደ ናዝሬት እንደ ወረደና ይታዘዝላቸው እንደ ነበር ይጨምራል። የእኛን ልጆች ከእርሱ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ሎቱ ስብሐት። ግን መታዘዝና «ይህ ሰዓት የእግዚአብሔር ነው» ማለት በአንድ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ተጽፈው ሳይ፣ እኔ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አድርጌ ማሰቤ ስሕተት መሆኑ ገባኝ።

ጌታችን ማስተማር ከጀመረ በኋላም እንዲሁ ነው። በቅፍርናሆም ሕዝቡ ሲፈልገው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ለጸሎት ወደ ምድረ በዳ ወጣ፤ ደቀ መዛሙርቱ ደርሰው ሁሉ እንደሚፈልገው ቢነግሩት ወደ ሌላው መንደር መሄድ እንዳለባቸው ነገራቸው (ማር. 1፥35-38)። የሚፈልጉት ሰዎች እኮ እዚያው ነበሩ። በሌላ ጊዜም ደቀ መዛሙርቱ ከሰው ብዛት እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ሲያጡ፣ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው (ማር. 6፥31)። በምኩራብ እሑድ የምንሰማውን ነጋዴዎቹን የማባረሩን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን፤ መቅደሱን አቋራጭ መንገድ አድርገው ዕቃ ተሸክመው የሚያልፉትንም እንደ ከለከለ ግን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን (ማር. 11፥16)። ዕቃ መሸከም ኃጢአት አይደለም። ቦታው ግን አልነበረም።

ጾምስ ቢሆን ይኸው አይደል? ወተቱን የምንተወው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለፋሲካ አመስግነን እንጠጣዋለን። አሁን ጊዜው አይደለም፣ ይኸው ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ጾም ሲለማመድ ሆዱን «ቆይ» ማለት ይማራል። እስከ 6 ሰዓት ሆዱን ቆይ ያለ ልጅ ጨዋታውንም፣ ጓደኛውንም፣ ስልኩንም ቆይ ለማለት ጉልበቱ አለው። እኛ ነን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያልነገርነው። አንዳንዴ እንዲያውም ልጁ ጾም ይዞ ሳለ ጥናቱን ሳንቀንስለት፣ መልእክቱን ሳናስቀርለት፣ ሲያዛጋ «ሰነፍ» እንለዋለን።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ልጄንና አባቱን አስቀምጬ አዲስ ወረቀት አወጣን። ከዚህ በፊት ጥናቱን አስቀድሜ እጽፍና እንቅልፍ የተረፈውን ሰዓት ያገኝ ነበር። አሁን እንቅልፍን አስቀደምን። የሕክምና ባለሙያዎች ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ፤ የእኔ ልጅ ሌሊት 4 ሰዓት ተኩል ተኝቶ 11 ሰዓት ተኩል ይነሣ ነበር። ቁጠሩት፣ ሰባት ነው። ቀጥሎ የጸሎትና የገበታ ጊዜ ጻፍን። ቀጥሎ በየቀኑ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ባዶ ሰዓት። አባቱ «ባዶውን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ተከራከረኝ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ልጁ ግን «ኳስ» አለ። ሌላው ሁሉ በተረፈው ቦታ ገባ። አልበቃም። አንድ ነገር መውጣት ነበረበትና «አንተ ምረጥ» አልነው። እንግሊዝኛውን አወጣ። ከፍዬበት ነበር፤ አንጀቴ ተቃጠለ።

በገብር ኄር እሑድ የምንሰማውን የመክሊቱን ምሳሌ ያን ሰሞን በሌላ ጆሮ ነው ያዳመጥሁት። ጌታቸው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ ሲሰጥ የእያንዳንዱን ዓቅም አይቶ ነው። ሁለት ተቀብሎ ሁለት ያተረፈውም ባለ አምስቱ የሰማውን ያንኑ ምስጋና ሰምቷል። እኔ ግን ሁለት የተሰጠውን ልጅ «የጎረቤት ልጅ አምስት ይዟል» እያልሁ ስነዘንዘው ኖሬአለሁ።

ከዚያ ቃሉን አለማመድነው። «እምቢ» እና «አሁን አልችልም» ለየቅል ናቸው። ትልቅ ሰው ሲልከው ተነሥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚችልበትን ሰዓት ጨምሮ እንዲናገር ነው የነገርነው። የታመመ ሰው፣ አቅመ ደካማ፣ ድንገተኛ ነገር ከመጣ ግን ወረቀቱ ይቅር፤ ደጉ ሳምራዊም መንገድ ላይ ነበር። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኮች ሁሉ አሮጌው ሙዳይ ውስጥ እንዲገቡ ተስማማን፤ የእኛም ጭምር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሙዳዩን ሰርቄ የከፈትሁት እኔ ነኝ።

ሌላም የማሳፍርበት ነገር አለ። የማልፈልገው ሰው ሲደውል ስልኩን ለልጄ እየሰጠሁ «የለችም በል» እለው ነበር። ይህን የማታደርጉ ብፁዓን ናችሁ። እኔ «ዛሬ አይመቸኝም» ማለትን ፈርቼ ልጄን ውሸት አስለምደዋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እርሱ ለአስተማሪው ቢዋሽ እቆጣለሁ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ምሽት ጎረቤታችን ገብተው «የኔ ልጅ፣ እስቲ ሱቅ ድረስ» አሉት። ልጄ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እያጠናሁ ነው፤ 12 ሰዓት ላይ ልምጣ?» አላቸው። ሴትዮዋ ሳቁና «ኧረ ይሄ ልጅ አደገ!» አሉ። ልቤ በኩራት ሞላ። ወዲያው ወደ ጓዳ ዞሬ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ሂጂላቸው» አልሁ።

ከጓዳ የወጣችው የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከመንዝ የመጣችው ላስተምራት ብዬ ነው፤ ከእኛ ጋር ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። የማታ ትምህርት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምርባታል። ያን ጊዜ 11 ሰዓት ከሩብ ነበር። ነጠላዋን አንሥታ ምንም ሳትናገር ወጣች። ልጄ ወረቀቱን አየና «እማዬ፣ የእሷስ ፕሮግራም የታለ?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት በዚች ጥያቄ ምክንያት ነው። ለልጄ ያስከበርሁለት ያ ሁሉ ሰዓት፣ እንቅልፉም፣ ባዶው ሰዓትም፣ ከእርሷ ላይ ተቆርሶ የመጣ ነው። እርሱ አልችልም ያለውን ሁሉ እርሷ ትችለዋለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። እኔ ግን ሠራተኛ ብያት ስለማላውቅ ነገሩ እኔን የሚመለከት አይመስለኝም ነበር፤ «ዘመዴ ናት» ነው የምለው። ዘመድ በመሆኗ ደመወዝም የላት፣ የዕረፍት ቀንም የላት።

የሰንበትን ትእዛዝ አውጥታችሁ አንብቡት። እኔ «ሰንበትን አክብር» የሚለው ላይ ነበር የማቆመው፤ ቀጥሎ ግን ማን ማን እንደሚያርፍ በዝርዝር ተጽፏል፤ ልጆች፣ ወንድና ሴት አገልጋዮች፣ ከብቱ፣ በደጅ ያለው እንግዳ ሳይቀር (ዘፀ. 20፥10)። በኦሪት ዘዳግም ደግሞ አገልጋዮቹ እንደ ጌቶቻቸው እኩል እንዲያርፉ መሆኑ ተገልጿል (ዘዳ. 5፥14)። አገራችን ስለ ሰንበት ብዙ የተከራከረች አገር ናት። ቀዳሚት ሰንበትም እሑድም እንዲከበሩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሲወሰን 1442 ዓ.ም. ገደማ ነበር። አባቶቻችን ያን ያህል ለደከሙለት ነገር፣ በእኔ ቤት ቅዳሜ የእርሷ የልብስ አጠባ ቀን፣ እሑድ የእንግዳ ቀን ነበር።

ለእርሷም ወረቀት አወጣን። ቀላል አልነበረም። ልብሱን እኔና ባለቤቴ ማክሰኞ ማታ እናጥባለን፤ ልጄ የራሱን ካልሲ ያጥባል፤ እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን ከውጭ እንገዛለን፤ ወጪው ተሰምቶናል። ከ11 ሰዓት በኋላ ማንም እንዳይልካት ለጎረቤቶቻችን ራሴ ሄጄ ነገርሁ። አንዷ አኩርፋኛለች፤ እስከ ዛሬም ቡና አትጠራኝም።

የከበደኝ ግን እርሷው ናት። «አልችልም ማለት ትችያለሽ» ብላት አንገቷን ደፍታ «እሺ» ትለኛለች። ምን ልበላት? ባዶውን ሰዓት ቅዳሜ ከ9 እስከ 11 አደረግንላት። በመጀመሪያው ቅዳሜ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሦስት ጊዜ «ምን ልሥራ?» እያለች መጣች። በሁለተኛው ተደብቃ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። ልጄ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ፋሲካ አልፎ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ እንግዳ መጥቶብን እንደ ልማዴ ተጣራሁ። መልስ የለም። ደግሜ ተጣራሁ። ገባ ብዬ ባይ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ እንቅልፍ ወስዷታል። እግሯ ከአልጋው ወጥቶ ነበር፤ ጋቢ አለበስኋት። ጀበናውን እኔ ጣድሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።