ከጉዞ በፊት ያለችው ሌሊት፦ የመንገደኛ ማደሪያ በጎሮ

ጎሮ ከሮቤ ወደ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ የባሌ ደጋ ወደ ቆላው ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ላይ የምትገኝ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚወርድ ሰው በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ወደ ጊኒርና ከዚያ ወዲያ ወደ ተቀደሰው የድሬ ሼክ ሁሴን ስፍራ የሚሄድ ዘያሪ (ተሳላሚ)ም እንዲሁ። መርከብ የሚሳፈር ሰው በዋዜማው ከወደቡ አጠገብ ማደሪያ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ የዚህ መንገድ ተጓዥም ከጉዞው በፊት ያለችውን ሌሊት የት እንደሚያሳልፍ መወሰን አለበት። ሮቤ ቢያድር የተሻለ አልጋና ሰፋ ያለ ምርጫ ያገኛል፤ ጎሮ ቢያድር ማለዳ ከሚነሣው መኪና አጠገብ ይነጋለታል።

ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ። መንገደኛው ዘያሪ ሲሆን ግን ከአልጋው ጀርባ የቆዩ የእምነት ጥያቄዎች አሉ። ወደ ተቀደሰ ስፍራ የሚሄድ ሰው ማደሪያውን አስቀድሞ መርጦ ቢይዝ፣ በፈጣሪው ላይ ያለው መመካት፣ ዓሊሞች ተወኩል የሚሉት፣ ይጎድልበታል ወይ? እንግዳ አሳዳሪውን የመምረጥ መብት አለው? አሳዳሪውስ ከዘያሪ ገንዘብ መቀበሉ ተገቢ ነው?

አማርኛ ለሌሊት ትልቅ ግምት የሚሰጥ ቋንቋ ነው። ሰው ጠዋት ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው እንዴት እንዳደረ ነው። ‹አደረ› ከግእዙ ‹ኀደረ› ጋር አንድ ሥር አለው፤ ከዚያ ሥር ‹ማኅደር› ይወጣል፣ ‹ማኅደረ መለኮት› የሚለው የእመቤታችን መጠሪያም ከዚያው ነው። የዮሐንስ ወንጌል ቃል ሥጋ ለብሶ በሰው መካከል መኖሩን ሲናገር ግእዙ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። በዕለት ንግግርም መንፈስ ‹ያድራል›፣ ቂምም በሰው ልብ ‹ያድራል›። ስለዚህ ሰው ቤት ያደረ እንግዳ በዚያ ቤት ጣሪያ ሥር ከመተኛቱም በላይ ወደ ቤቱ ሕይወት ገብቷል ማለት ነው። የማደሪያ ምርጫ ቀላል ነገር ያልሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሆቴል ባልነበረበት ዘመን ምርጫ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መንገደኛው ካገኘው አጥር ደጃፍ ቆሞ ይጣራል፤ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፤ ከውስጥ ‹ቤት ለእንግዳ› ይባላል። ስምና አገር የሚጠየቀው እግር ከታጠበ፣ እህል ከተቀመሰ በኋላ ነው። በባሌ የኦሮሞ ቤቶች ለክብር እንግዳ ከሚቀርበው አንዱ ቡነ ቀላ ነው፦ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ይቁላላል፣ ጠረኑ ቤቱን ይሞላዋል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ከዚያ ፍሬው በቅቤ እንደራሰ ይታደላል። በዚህ ሥርዓት እንግዳው አሳዳሪውን አልመረጠም፣ አሳዳሪውም እንግዳውን አልመረጠም። ሁለቱን ያገናኘው ምሽቱ ነው፤ ምሽቱ ደግሞ የፈጣሪ ነው።

ሃይማኖቶች ይህን ልማድ ያለ ገደብ አልተዉትም። በእስልምና ሐዲስ የእንግዳ መብት ሦስት ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ልዩ መስተንግዶ ይገባዋል፣ ከሦስት ቀን ያለፈው ከምጽዋት ይቆጠራል፤ እንግዳም አሳዳሪውን እስኪያስጨንቅ መቆየት አልተፈቀደለትም። በጥንታዊው የክርስቲያን መጽሐፍ በዲዳኬም ተመሳሳይ ሕግ አለ፦ ተዘዋዋሪ ሰባኪ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ይደር፤ ሦስተኛ ቀን ከጨመረ ግን ሐሰተኛ ነው። ተራ መንገደኛ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይህ ክፍል በግእዙ ሲኖዶስ ውስጥ ተጠብቆ ስለቆየ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በባሌ ሰፊ ተከታይ ባለው የሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ አንድ ስፍራ አራት ቀን ለመቀመጥ የወሰነ ሰው ሙሳፊርነቱ፣ ማለትም መንገደኛነቱ፣ ያበቃል፤ ሶላቱን ማሳጠር ይተውና እንደ ነዋሪ ይሰግዳል። በሐነፊዎች ዘንድ ቀኑ እስከ አሥራ አምስት ይደርሳል። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ማደሪያ ማደሪያ የሚሆነው ሰውየው ገና በመንገድ ላይ እስካለ ድረስ ነው።

አስቀድሞ መምረጥ እምነትን ያጎድላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከነቢዩ ሙሐመድ ስደት የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ622 ነቢዩ ከመካ ወደ መዲና ሲነሡ በቀጥታ ወደ መዲና አልገሰገሱም። መዲና በሰሜን ሆና ሳለ እርሳቸውና አቡ በክር ያደሩት ከመካ በስተደቡብ በሚገኘው የሠውር ተራራ ዋሻ ነው። ሦስት ሌሊት እዚያ ቆዩ። የአቡ በክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን መካ እየዋለ ማታ ወሬ ያደርስ ነበር፤ እኅቱ አስማእ ስንቅ ታዘጋጃለች፤ ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን በዱካቸው ላይ እየነዳ ኮቴውን ያጠፋል። መንገድ መሪው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ሙስሊም አልነበረም፤ መንገድ ስለሚያውቅ በክፍያ የተያዘ ሰው ነው። ከጉዞ በፊት ያለ ማደሪያ ከዚህ በላይ ታስቦበት ሊመረጥ አይችልም። ሆኖም አሳዳጆቹ ዋሻው አፍ ደርሰው አቡ በክር በተጨነቁ ጊዜ፣ ነቢዩ ያጽናኗቸው በዝግጅቱ ጥራት ሳይሆን አላህ ከእነርሱ ጋር በመሆኑ ነው። ጥንቃቄው ተወኩልን አልተካም፤ ተወኩሉም ጥንቃቄውን አላስቀረም።

በዚያው ጉዞ መጨረሻ የሆነው ግን የተለየ ነው። መዲና ሲገቡ እያንዳንዱ ጎሣ እንግዳው እርሱ ዘንድ እንዲያርፉ የግመላቸውን ልጓም ሊይዝ ተሻማ። ነቢዩ ግመሏን ቀስዋእን እንዲለቋት አዘዙ፤ የምትቆምበት ለእርሷ የታዘዘ ነውና። ግመሏ ከተንበረከከች በኋላ ጓዛቸውን ወደ ቤቱ ያስገባው አቅራቢያው የሚኖረው አቡ አዩብ አል-አንሷሪ ነው። በዋሻው ጊዜ ሁሉን በዝርዝር ያሰናዱት ሰው እዚህ ምርጫውን ለእንስሳ ተዉት።

የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ በእነዚህ በሁለቱ ማደሪያዎች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። በሠውር የተመረጠው ስፍራ ነው፤ ምርጫው ለመንገዱ ሲባል የተደረገ ስለሆነ ማንንም አላስቀየመም። በመዲና ሊመረጥ የነበረው ሰው ነው፤ አንዱን አሳዳሪ መምረጥ ሌላውን መናቅ ይሆን ነበር። ወንጌልም ከዚህ አይርቅም። በሉቃስ ወንጌል ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልካቸው በገቡበት ቤት የቀረበላቸውን እየበሉ እንዲቀመጡ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ አዟቸዋል። ወደየትኛው ከተማ እንደሚሄዱ ተወስኖላቸዋል፤ በከተማው ውስጥ የተሻለ ወጥ ያለበትን ቤት ማነጻጸር ግን ተከልክለዋል። መንገደኛ ስፍራን ይምረጥ፤ የሰውን ቤት ግን በሚዛን አያስቀምጥ፤ ሁለቱም እምነቶች የሚሉት ይህን ነው።

የሶፍ ዑመር ትውፊትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሼክ ሶፍ ዑመር አሕመድ የወይብ ወንዝ ሰርስሮ በሚያልፍበት ዋሻ ተጠልለው እንደኖሩና እንደሰገዱበት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1972 የብሪታንያ ዋሻ አጥኚዎች የለኩት ርዝመት 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። ወንዙ ከባሌ ተራሮች ወርዶ በአንደኛው አፍ ይገባል፣ የድንጋይ ዓምዶች በቆሙበት አዳራሽ ያልፋል፣ በሌላው አፍ ይወጣል። ውሃ፣ ጥላና ጸጥታ ያለበት፣ የማንም ደጅ ያልሆነ ማደሪያ ነው።

ሆቴል ሲመጣ ስፍራና አሳዳሪ ተቀላቀሉ። በጎሮ ዓይነት የመንገድ ከተማ ያለውን ተራ አልቤርጎ ማሰብ ይበቃል፦ ግቢውን ዙሪያውን የከበቡ ቆርቆሮ ክዳን ክፍሎች፣ በየበሩ በቀለም የተጻፈ ቁጥር፣ ከአልጋው ሥር ሳፋ፣ ለውዱእ የተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን። ገንዘብ የከፈለ ሰው የሚመርጠው ክፍሉን ነውና ማንንም አልናቀም። ያም ሆኖ ክፍሉን የጠረገችው፣ ውሃውን ያደረሰችው ሰው ናት። ክፍያው የክፍሉን ዕዳ ይዘጋል፤ የእርሷን ሰላምታና ምርቃት የመመለስ ዕዳ ግን አይዘጋም።

ከዘያሪ ኪራይ መቀበልን በተመለከተ የእስልምና ሊቃውንት የተከራከሩት በመካ ቤቶች ላይ ነው። ቁርኣን በሐጅ ምዕራፍ በተከበረው መስጊድ ነዋሪውና መጻተኛው እኩል መሆናቸውን ይናገራል። ኸሊፋ ዑመር በሐጅ ወራት የመካ ሰዎች ለግቢያቸው በር እንዳያበጁ፣ ሐጃጁ ባገኘው እንዲያርፍ አዘዋል ተብሎ ተዘግቧል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በሐጅ ወቅት ከሐጃጅ ኪራይ መቀበልን ጠልተዋል፤ ኢማም ሻፊዒ ቤቶቹ የባለቤቶቻቸው ንብረት ስለሆኑ ፈቅደዋል። በሐጅ ጊዜ በንግድ የአላህን ችሮታ መፈለግ ኃጢአት አለመሆኑንም ቁርኣን ራሱ ይገልጻል። ነቢዩም መዲና ግመላቸው የተንበረከከችበትን መሬት፣ የሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ይዞታ ስለነበር፣ በስጦታ ቢቀርብላቸውም ዋጋውን ሳይከፍሉ መስጊድ አልሠሩበትም። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው፦ ዋጋ መጠየቅ ነውር የለበትም፣ ዋጋ መክፈልም ክብር ነው። በዐረፋና በመውሊድ ሰሞን መንገዱ በዘያሪ ሲሞላ፣ ሌላ አማራጭ የሌለውን ሰው ችግር አይቶ ዋጋ መቆለል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ክፍል ማከራየት መሆኑ ቀርቶ ምሽትን መሸጥ ይሆናል።

መክፈል የማይችለውስ? በባሌ መንገድ ላይ ይህ ጥያቄ ፊት ለፊት የሚታይ ነው። ወደ ሼክ ሁሴን ከሚወርዱት መካከል ጋሪባ የሚባሉት ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይዘው፣ ውዳሴ እያዜሙ፣ ሰው በሚሰጣቸው እየኖሩ የሚጓዙ ናቸው። እነርሱ ማደሪያ አይመርጡም፤ የድሮው የምሽት ሥርዓት ዛሬም የሚሠራው በእነርሱ ላይ ነው። ማኅበረሰቦች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያገኙት መፍትሔ ለራሳቸው መንገደኛ ቤት ማቆም ነበር። በካይሮው አል-አዝሀር ከኢትዮጵያና ከዘይላ ወገን ለሚመጡ ተማሪዎች የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበረ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ለአገራቸው ሐጃጆች መካ ላይ ቤት እንዳቆሙ ይታወቃል። በሮም በ15ኛው መቶ ዘመን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ፤ በኢየሩሳሌም መነኮሳቱ እስከ ዛሬ በዴር ሱልጣን፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በትንንሽ ክፍሎች ያድራሉ። በረሃና ባሕር አቋርጦ ለደከመ ሰው እነዚህ ቤቶች ‹የት ላድር› የሚለውን ጭንቀት ከትከሻው አውርደውለታል።

ሌሊቷ ራሷ እንዴት ትታደር ለሚለው፣ የሐጅ ሥርዓት መልስ አለው። ሐጃጁ በዙልሒጃ 8ኛ ቀን ወደ ሚና ይወጣል፣ እዚያ ያድራል፣ በ9ኛው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ ዐረፋ ይሄዳል። ቀኑ የውመ ተርዊያ ይባላል፤ ሐጃጆች ለነገው ውሃ ይቀዱበት ስለነበር ነው። በሚና ማደር ሱንና ነው፤ ቢያመልጥ ሐጁ አይበላሽም። ሊቃውንቱ ሌሊቷን ያስቀመጡበት ቦታ ልክ ነው ማለት ይቻላል፦ የዋዜማዋ ማደሪያ አምልኮቱ አይደለችም፣ ከአምልኮቱም ውጭ አይደለችም። የኦሪት ዘጸአት የፋሲካ ሌሊትም እንዲሁ የተሰናዳ ነው፤ እስራኤል እራታቸውን የበሉት ወገባቸውን ታጥቀው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ በትራቸውን ጨብጠው፣ ለመነሣት በቸኮለ ሰው ሁኔታ ነው።

በዚህ መሠረት ለዘያሪው ጎሮ ከሮቤ ትመረጣለች። ምክንያቱ ቅርበቷ ነው፦ እዚያ የመሸበት ሰው ደጋውን ጨርሶ አድሯል፣ ማለዳ የሚጠብቀው ቁልቁለቱ ብቻ ነው። የታመመ፣ አራስ ወይም አቅመ ደካማ የያዘ ሰው ሮቤ ቢያድር ደግሞ ከዚያው ሕግ አልወጣም፤ ለእርሱ ለመንገዱ የሚበጀው ያ ነው። ጎሕ ሳይቀድ የሱብሂ አዛን ይሰማል፤ በየክፍሉ ጀሪካን ይዘነበላል፤ መንገዱ ላይ ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ ይጣራል። ዘያሪው ቁልፉን ለማደሪያው ባለቤት ይመልሳል፣ እንዴት እንዳደረች ይጠይቃታል፣ ዱዓ እንዲያደርግላት ትጠይቀዋለች፣ ስሟን ይዞ ይወርዳል።