ያላዩትን መመስከር

ውድ አንባቢ ሆይ! «ያ መጽሐፍ እንዴት ነው?» ተብለህ ስትጠየቅ ሳታነበው «የማይረባ ነው» ብለህ አታውቅምን? እኔ ብያለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁትም ስለዚሁ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ደረሳዬ ልብ ወለድ ይዞ መድረሳ መጣ። በጓደኞቹ ፊት «ይህ ምግባር የሚያበላሽ መጽሐፍ ነው፤ ለባለቤቱ መልስ» አልኩት። ልጁ አልተቆጣም። አንገቱን ደፍቶ «ኡስታዝ፣ የሚያበላሸው የቱ ጋ ነው? እዚያ ስደርስ ልዝለለው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሽፋኑን እንጂ ውስጡን አላየሁም፤ የነገረኝ ሰውም ከሌላ የሰማ ነበር። «ያልኩህን አድርግ» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሚያነበው ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ኋላ መጽሐፉን ፈልጌ አነበብኩት። የማልወደው ነገር አገኘሁበት፤ ነገር ግን ወላጅን ስለመጦር የሚያወሳው ክፍል እኔ ወር ሙሉ ካስተማርኩት የበለጠ ልብ የሚነካ ነበር። ይህን ልነግረው እያሰብኩ ሳልነግረው፣ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሄደ።

ሻይ እየጠጡ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን ድራማ አስተያየት መስጠት ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን «ይህ ሥራ እንዲህ ነው» ማለት ምስክርነት ነው። ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ይከለክለናል። ታዲያ የሰው ገንዘብ በተመለከተ ያላየውን የሚመሰክር ሐሰተኛ ከተባለ፣ የሰው ሥራ በተመለከተ ያላየውን የሚመሰክርስ ምን ይባል?

ነገሩ የቃል ብቻ ሆኖ የማይቀርበት ጊዜም አለ። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 «አር-ሪሳላ» የተባለውን የእስልምናን አነሳስ የሚተርክ ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አካልም ድምፅም የለም። ሆኖም ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያሳይ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። በመጋቢት 1977 (እ.ኤ.አ.) 12 ታጣቂዎች በዋሽንግተን ከተማ ሦስት ሕንፃዎችን ይዘው ከ100 በላይ ሰዎችን አገቱ፤ አንድ ወጣት የራዲዮ ጋዜጠኛም ተገደለ። ዋነኛ ቁጭታቸው የመሪያቸው ቤተሰብ በ1973 መገደሉ ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ግን የዚህ ፊልም መታየት ይቁም የሚል ነበር።

በዚያው ፊልም ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች በንጉሥ ነጃሺ ፊት ቆመው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ሲናገር ይታያል። ሲራ እንደሚነግረን የቁረይሽ መልክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው ስደተኞቹ ሳይሰሙ ተላልፈው እንዲሰጡ ጠየቁ። የንጉሡ ሹማምንትም «ይሰጡ» አሉ። ነጃሺ ግን «ራሳቸውን ጠርቼ ሳልጠይቅ አይሆንም» ብሎ እምቢ አለ። እነሆ፣ ሳይታይ የተፈረደበት ፊልም ሳይሰማ አልፈርድም ያለውን ንጉሥ ታሪክ ይዞ ነበር!

እርግጥ ነው፣ ሰሓቦችን ተዋናይ ሊጫወታቸው አይገባም ብለው ፊልሙን የተቃወሙ ዑለማኦች አሉ። ይህ ግን በፊልሙ ውስጥ ባለ ነገር ላይ የቀረበ ተቃውሞ ስለሆነ ልንወያይበት ይቻላል። በሌለ ነገር ላይ ከሚነዛ ወሬ ጋር አንድ አይደለም።

ምናልባት «መጥፎውን መጥፎ ለማለት ሁሉንም ማየት አለብኝን?» ትል ይሆናል። የለብህም። ልብህ ያልወደደውን መተው መብትህ ነው፤ መተው ምስክርነት አይደለምና። የምታምነው ሰው አይቶ ነግሮህ ከሆነም «እገሌ እንዲህ ብሎኛል፤ እኔ አላየሁትም» በል። የሐዲስ ሊቃውንት ቃሉን ከነተናጋሪው ያስተላልፉ የነበረው፣ ሰሚው የነገሩን ክብደት እንዲመዝን አይደለምን?

ለመንቀፍ የፈለገ ግን የኢማም አል-ገዛሊን መንገድ ይከተል። እርሳቸው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በባግዳድ ሲያስተምሩ፣ ከሥራቸው በሚተርፋቸው ሰዓት ሁለት ዓመት ያህል የፈላስፎችን መጻሕፍት አነበቡ። መጀመሪያ ሐሳባቸውን የሚያብራራውን «መቃሲድ አል-ፈላሲፋ»ን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ነው «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የተቹዋቸው። እኛስ አንድ ልብ ወለድ ለመንቀፍ ሁለት ቀን እንኳ መስጠት ያቅተናልን?

ወላጆችና አስተማሪዎች ሆይ! ልጆቻችን ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ፊልም ሲጠይቁን «አላየሁትም፤ አብረን እንየው» ማለት ክብራችንን አይቀንስም። ክብራችንን የሚቀንሰው «የቱ ጋ ነው?» ሲሉን መልስ ማጣታችን ነው። ያኔ እኛን መጠየቅ ይተዋሉ፤ ማንበባቸውን ግን አይተዉም።

ወላሁ አዕለም።